ኤቦ ኳንሳ ያልጻፈው ቅጣት

ኤቦ ኳንሳ ከጋና መጥቶ ሼፊልድ ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አካል ጉዳተኛ ልጆችን በሚኒባስ ትምህርት ቤት ያመላልሳል። ዘንድሮ የእንግሊዝ ዜግነት ሊያመለክት ቅጹን ከፍቶ ሁለት ቦታ ላይ ቆመ። አንዱ ከሦስት ዓመት በላይ የሚያውቁት ሁለት ምስክሮች ይጠይቃል፤ ከሁለቱ አንዱ እንደ መምህር ወይም ሐኪም ያለ ባለሙያ መሆን አለበት። ሌላው ደግሞ የተቀጣኸውን ሁሉ ሳትደብቅ ጻፍ ይላል።

አንዱ ምስክር አላስቸገረም፤ ጡረታ የወጣው ጎረቤቱ ብራያን ገና ነገሩን ሳይጨርስለት እሺ አለ። ባለሙያ ግን ከየት ይምጣ? ኤቦ የሚያውቀው ሁሉ መሪ ጨባጭ ነው።

ቅጣቱ ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ከሥራ ወጥቶ በራሱ መኪና ወደ ቤቱ ሲከንፍ ካሜራ ያዘው፤ ከፍሎ ረሳው። የአጎቱ ልጅ ክዌሲ በስልክ፣ በገዛ እጅህ ገመድ አታቀብላቸው፣ ማን ያስታውሰዋል ብሎ መከረው። ኤቦም ቅጣት የለብኝም ብሎ ሞላ።

ስለ ምስክሩ ሚስቱ አራባ ልጆቹን የሚያደርስበትን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ወይዘሮ ኦልድሮይድን እንዲጠይቅ ነገረችው።

"ሴትዮዋ ስትስቅ አይቼ አላውቅም እኮ" አላት።

"የምትፈልጋት እንድትስቅልህ ነው እንድትፈርምልህ?"

በማግስቱ ወረቀቱን ይዞ ቢሮዋ ገባ። ወይዘሮ ኦልድሮይድ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። አምና ለአንድ የወጥ ቤት ሠራተኛ ፈርመው፣ ሰውዬው የደበቀው ቅጣት ተገኝቶ ማመልከቻው እንደወደቀ ነገሩት። ከዚያ ወዲህ ሳይጠይቁ አይፈርሙም።

"እርስዎስ አቶ ኳንሳ፣ ተቀጥተው ያውቃሉ?"

የለም ሊል አፉን ከፈተ። ሰባት ዓመት ሙሉ በየማለዳው በር ላይ ቆመው ሰላም ያሉትን ሴት ዓይን እያየ ግን ቃሉ አልወጣ አለው።

"አንዴ። ከፍጥነት በላይ ነድቼ። አልጻፍኩትም።"

"የት ነበር?"

"እዚሁ፣ በራችሁ ላይ።"

ወይዘሮዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ካሜራው እንዲተከል ያመለከትኩት እኔ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ፍሬያ ከተገጨች በኋላ።"

ፍሬያ ኤቦ በየቀኑ ከነተሽከርካሪ ወንበሯ ሚኒባሱ ላይ የሚያወጣት ልጅ ናት። እንዴት እንደዚያ እንደሆነች ጠይቆ አያውቅም። ያን ዕለት ለምን እንደቸኮለ ሊያስረዳ ፈልጎ ነበር፤ ተወው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"ይጻፉትና ተመልሰው ይምጡ" አሉት።

ያን ማታ ክዌሲ ቢደውል አላነሳም። የድሮ ደብዳቤዎቹን አገላብጦ የቅጣቱን ቀን አገኘና ቅጹ ላይ አስገባ። አራባ አጠገቡ ተቀምጣ ሁሉንም ከሰማች በኋላ ትከሻውን ያዘችው።

ወይዘሮ ኦልድሮይድ በማግስቱ ፈረሙ። ወረቀቱን ሲመልሱለት፣ "ልጆቹን እንዴት አድርገው እንደሚያወርዷቸው ከመስኮቴ አያለሁ" አሉት። "የምመሰክረው ያንን ነው።"

መልሱ አምስት ወር ቆይቶ መጣ፤ ተፈቅዶለታል። ቃለ መሐላ በፈጸመ ቀን ርዕሰ መምህሯ ከሥራ መውጣት አልቻሉም። ብራያን ግን ለወንድሙ ቀብር የገዛውን ከረባት አስሮ አራባ ጎን ተቀምጦ ነበር። የኤቦ ስም ሲጠራ ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው እሱ ነው።