ለበረኛዋ የተላኩ ሽማግሌዎች

ባየሽ ያጠፋችው ጥፋት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጨዋነት ነው። እሑድ ዕለት በረኛዋ ናዲራ ሜዳው ድረስ መጥታ፣ የኮሌጁን ቡድን መመዝገቢያ ወረቀት የመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግታ፣ "የት ጋ ነው ሳይን የማደርገው ኮች?" ስትላት፣ ጣቷን ቦታው ላይ አድርጋ ብታሳያት ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሚኔሶታ ሕግ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው ቤት ይገዛል፣ ያገባል፣ ቢያሻውም ይፈታል። ባየሽ ግን ወረቀቱን በመዳፏ ሸፈን አድርጋ፣ "አባትሽ ያውቃል?" አለቻት።

ናዲራ በእንግሊዝኛ፣ ወደፊት ያውቃል ብላ መለሰች።

ወደፊት የሚያውቅ አባት ምን እንደሚመስል ባየሽ በራሷ ቤት አይታዋለች። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ እንደ ሰው ወግ ሽማግሌ እልካለሁ አለች። ናዲራ ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ አይደለም ወይ ስትል፣ ባየሽ ለከበደ ነገር ሁሉ ይላካል አለቻት። ልጅቷ ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች። አሥራ ስድስተኛዋ ፊርማ በዚያው ሄደች።

ኮሌጁ ሴንት ፖል ውስጥ ከወንዙ በላይ ያለ፣ ዝናው ከተማሪው የሚበዛ ትንሽ ወታደራዊ ኮሌጅ ነው። በመቶ ምናምን ዓመት ዕድሜው የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ኖሮት አያውቅም። ዘንድሮ ሊኖረው ነው ተባለ፤ አሠልጣኝ ተፈለገ፤ ባየሽ ተገኘች። ባየሽ ዉድበሪ ባለ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት አረጋውያን ስታገላብጥ የኖረች፣ ቅዳሜና እሑድ የሰፈር ሴት ልጆችን በነፃ የምታሠለጥን፣ በልጅነቷ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ የፋብሪካ ክለብ በግራ ክንፍ የተጫወተች ሴት ናት። ያ ክለብ የፈረሰው አንድ ማክሰኞ በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው። ከዚያ ወዲህ የተለጠፈ ወረቀት ካየች ቆማ እስከ ታች ሳታነብ አታልፍም፤ የጠፋ ድመት ማስታወቂያም ቢሆን።

የኮሌጁን ስፖርት የሚመራው ጡረታ የወጣ ኮሎኔል ነው። ያስቀመጠው ውል አጭር ነበር፦ እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በፈረንጆቹ አራት ሰዓት፣ አሥራ ስድስት የተፈረመ ስም ከቀረበ ቡድን አለ፤ ካልቀረበ የለም። ዘንድሮ ካልተቋቋመ ደግሞ ከእንግዲህ የሚቋቋምበት ምክንያት አይታየኝም ብሏል። ባየሽ አሥራ አምስት ልጆች አሏት። አሥራ አምስቱም ማጥቃት ይወዳሉ። ያለ ናዲራ በረኛ የለም። ሦስቱ በሌላ ኮሌጅ ያገኙትን ቦታ ትተው፣ እሷን ብለው የመጡ ናቸው። ከሦስቱ አንዷ ዳራርቱ በየቀኑ ስልክ እየደወለች፣ "ኮች፣ ሰው ተገኘ?" ትላታለች። ባየሽም ሊገኝ ነው ትላለች።

የናዲራ አባት ዓብዱ የደሴ ሰው ስለሆነ፣ ሽማግሌው ከእስላሙም ከክርስቲያኑም መሆን ነበረበት። ፍሮግታውን ሰፈር ሥጋ ቤት ያላቸው ሐጂ ፈዋዝና ጡረታ የወጡት አቶ ሐብተማርያም ተለመኑ፤ ደስ ብሏቸው እሺ አሉ። ሦስተኛው ሽማግሌ በመጨረሻው ሰዓት ሺፍት ገባብኝ ብለው ቀሩ። ማክሰኞ ከሥራ መልስ ባየሽ ሁለቱን አሳፍራ ክሪስታል ወዳለው የዓብዱ ቤት ወሰደቻቸው። ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና እሷ መንገድ ማዶ መኪናዋ ውስጥ ቀረች።

በመስኮቱ ሳሎኑ ይታያል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቆመዋል። ዓብዱ በእጁ ወንበር ያሳያል፤ እነሱ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም በሚል አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ሐጂ የጉልበት ሕመምተኛ ናቸው። ባየሽ የሐጂን ጉልበት እያየች ሃያ ደቂቃ ተቀመጠች። በመጨረሻ ተቀመጡ። ሻይ መጣ። ዓብዱ ሳቀ። ባየሽ መሪውን ጨብጣ እግዚአብሔርን አመሰገነች።

ሽማግሌዎቹ ከሰርግ እንደሚመለስ ሰው ፊታቸው በርቶ ወጡ።

"ሰው ማለት እንዲህ ነው" አሉ ሐጂ፣ ቀበቶ እያሰሩ። "እንዴት አድርጎ ተቀበለን መሰለሽ። ለመልሱም በሁለት ሳምንት ቀጥሮናል።"

"በሁለት ሳምንት?"

"ሌላው ወር ይቀጥራል እኮ" አሉ አቶ ሐብተማርያም ከኋላ።

ባየሽ ቀነ ገደቡ ዓርብ እንደሆነ፣ ይህንንም ሦስት ጊዜ እንደነገረቻቸው አስታወሰቻቸው። አቶ ሐብተማርያም ዓርብ መሆኑን ለዓብዱም ነግረነዋል፣ እሱም ተረድቶታል አሉ። ታዲያ ለምን ሁለት ሳምንት ስትል፣ እንደ ሕፃን በትዕግሥት አስረዷት።

"ልጄ፣ በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት ልጁ ሸክም ሆናበታለች ማለት ነው። አገር ምን ይለዋል? ሁለቴ ሦስቴ መመላለስ አለብን።"

"ስለ መለዮውስ አንስታችሁለታል? ወታደራዊ ኮሌጅ መሆኑን?"

ሁለቱ ሽማግሌዎች በመስታወቱ ተያዩ። ያ ለሦስተኛው ቀጠሮ የሚቆይ ነገር ነው አሉ ሐጂ፤ ሁሉ በአንድ ቀን አይዘረገፍም።

ረቡዕ ኮሎኔሉ ቢሮ ገባችና አሥራ አንድ ቀን እንዲጨምርላት ለመነችው። ኮሎኔሉ ልጅቷ ታማለች ወይ አለ። አልታመመችም። ሐሳቧን ቀይራለች? አልቀየረችም። ስንት ዓመቷ ነው? አሥራ ዘጠኝ። ታዲያ ምን ችግር ተፈጠረ? ባየሽ ሁለት የተከበሩ ሰዎች ወደ አባቷ ቤት መሄዳቸውን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ጀመረች። ኮሎኔሉ ብዕሩን አስቀመጠ። ጠበቆች ናቸው ወይ ብሎ ጠየቃት። የዚያ ዓይነት ናቸው አለች። አሥራ አንድ ቀን ቀርቶ አሥራ አንድ ደቂቃ አልጨመረላትም።

በዚያው ቀን አንዲት ቁመቷ የሚያስመካ የመረብ ኳስ ተጫዋች ለምና ጎል ውስጥ አቆመቻት። ልጅቷ ኳስ በመጣ ቁጥር ጨፍና ዞር ትላለች። አሥራ አምስቱ አጥቂዎች በጣም ተደሰቱ። ልጅቷ ግን በስድስተኛው ኳስ ጓንቱን አውልቃ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ ወደ መረብ ኳሷ ተመለሰች።

ሐሙስ ባየሽ ወግ የሚባለውን ሁሉ ጥሳ ዓብዱን ሥራው ላይ ልታገኘው ሄደች። ዓብዱ ኩላሊት የሚታጠቡ ሕመምተኞችን በቫን ያመላልሳል። ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ካለው ክሊኒክ በር ላይ፣ ሞንግ ከሚባሉት እስያውያን ወገን የሆኑ አንዲት አሮጊት ከነዊልቸራቸው በማውረጃው ብረት ሲያወርድ ደረሰችበት።

"ጋሽ ዓብዱ፣ ባየሽ ነኝ። ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ።"

"አውቄሻለሁ። መንገድ ማዶ መኪና ውስጥ ነበርሽ። ገብተሽ ውሃ እንኳ አለመቅመስሽ የናዲራን እናት አስከፍቷታል።"

ይቅርታ ጠየቀች። ይቅርታውን ተቀበለ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ምን እንደነገሩት ጠየቀችው። ልጅህ ትምህርቷን ትማር፣ ኳሷንም ትጫወት አሉኝ አላት፤ ደግ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ባየሽ ዝም ብትል ነገሩ ይቀል ነበር። ዝም ለማለትም ሞከረች። ብረቱ ቲጥ ቲጥ እያለ በራሱ ጊዜ ይወርዳል፤ አሮጊቷ በሰላም ያዩዋታል።

"መለዮ ትለብሳለች" አለች። "ኮሌጁ የወታደር ነው። ገና ሳይነጋ ተነሥታ ትሰለፋለች። ጦሩ ውስጥ ለመግባት ግን ሌላ ፊርማ አለ፤ እሱን ካልፈረመች ማንም የትም አይወስዳትም። እንድትፈርም የሚያግባቡ ሰዎች ደግሞ በየቀኑ ካፍቴሪያው ውስጥ ይቀመጣሉ። ደግ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ፒዛ ይጋብዛሉ።"

ዓብዱ ብረቱ መሬት እስኪነካ ጠበቀ። የዊልቸሩን ፍሬን ፈታ።

"ሁለት ወንድሞቼ ወታደር ሆኑ" አለ። "በሁለት ዘመን፣ ለሁለት መንግሥት። እናታችን እስክትሞት ድረስ የግቢውን በር ቀን ቀን አታስዘጋም ነበር፤ መጥተው እንዳይመለሱ ብላ። እኛ ቤት ወታደር ተዋጥቶ አልቋል።"



"ልጅቷ ትልቅ ሰው ናት" አለ ቀጥሎ። "አስፈርመሽ መሄድ ስትችዪ ሽማግሌ ለምን ላክሽ?"

"ወግ መስሎኝ።"

"ወግማ ነው። አሁንስ ማስፈረም አትችዪም?"

"አሁንማ እንዴት አድርጌ? ሽማግሌ ልኬ።"

"አትችዪም" አለ፣ የመኪናውን ጉድለት እንዳገኘ መካኒክ ራሱን እየነቀነቀ። "ሽማግሌ ልኮ ማስፈረም ጠለፋ ነው።"

አሮጊቷን እየገፋ ገባ። ባየሽ ማውረጃው ብረት አጠገብ ብቻዋን ቀረች።

ዓርብ ከቀኑ ስምንት ጀምሮ፣ እንደ ፈረንጆቹ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ፣ አሥራ አምስቱ ልጆች ሜዳው ላይ ናቸው። ማንም አልጠራቸውም። ሐጂ ደወሉ፤ ከጁምዓ መውጣታቸው ነው፤ ዓብዱን መስጊድ አግኝተውታል። ባየሽ ጉዳዩን አነሡለት ወይ ስትል ሐጂ ተቀየሟት። "መስጊድ ውስጥ? ሰላምታ ብቻ ነው የተለዋወጥነው።"

ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ናዲራ ከአውቶቡስ ወርዳ፣ ጓንቷን በእጇ ይዛ፣ ሜዳውን አቋርጣ መጣች። "ወረቀቱን ስጪኝ" አለች። ባየሽ አልችልም አለቻት። ናዲራ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ ቀጠለች፤ ገበያ ላይ የቀረበች በግ አለመሆኗን፣ ከሁለት ሽማግሌዎች አንዳቸውም ኳስ ምን እንደሆነ እንደማያውቁ፣ እሷን ግን እስካሁን አንድም ሰው እንዳልጠየቃት ተናገረች። እውነት ነው። አሥራ አምስቱ ልጆች ከብበው ይሰማሉ። ዳራርቱ ባየሽን አየቻት፤ ዓይኗ ውስጥ ቁጣ የለም፣ ያ ነው የከፋው። ባየሽ ለልጆቹ የምትናገረውን ሌሊቱን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር። ልትጀምርላቸው አንድ እርምጃ ወደ መሃል ገባች።

ቫኑ የመጣው ያን ጊዜ ነው። የሜዳውን አጥር ተጠግቶ ቆመ። ዓብዱ ወረደ፤ ከኋላ ዊልቸር ላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ በመስኮት ብቅ ብለው ስንት ለስንት ነው ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰላቸውም።

"ጊዜ የለኝም" አለ ዓብዱ። "ሰውየውን አራት ሰዓት ላይ ቤታቸው ማድረስ አለብኝ። የት ነው የምትቆመው?"

ባየሽ ጎሉን አሳየችው።

"እዚያ ብቻ?"

"እዚያ ብቻ። ሌሎቹ ይሮጣሉ።"

"ስትቆም ልያት።"

ናዲራ አባቷን ቀና ብላ ሳታይ ጓንቷን አጠለቀችና ገባች። ባየሽ ልጆቹን አሰልፋ እንዲመቱ አዘዘች፤ ማንም እንዳያዝንላት ብላ አስጠነቀቀች። ናዲራ የመጀመሪያውን ኳስ በቡጢ መለሰችው። ሁለተኛውን መሬት ላይ ተዘርራ ያዘችው። ዓብዱ አጥሩን ጨበጠ። ሦስተኛው የተከላካይዋን እግር ነክቶ አቅጣጫ ቀይሮ ገባ። ናዲራ ተነሥታ የጎሉን ብረት በእርግጫ መታችው።

"ይኼ ጥፋት የማን ነው?" አለ ዓብዱ።

"የዚያችኛዋ።"

"እሷ ግን ራሷን ነው የምትቆጣው።"

"በረኛ እንደዚያ ነው።"

ዓብዱ ሰዓቱን አየ። ሦስት ከአርባ ነው።

"መልስ የምሰጠው በቀጠሮዬ፣ ለሽማግሌዎቹ ነው" አለ። "ሁለት ትልልቅ ሰዎች አስቁሜ፣ ላንቺ ሜዳ ላይ አልመልስም። ምን ብዬ እንደምመልስም እኔ ራሴ ገና አላውቅም። እምቢ ካልሁ ስሟን ትሰርዢያለሽ። ውድድሩ ቢጀመርም፣ አለቃሽ ቢቆጣም፣ እነዚህ ልጆች ቢያለቅሱም። ቃልሽን ስጪኝ።"

ባየሽ አሰበችው። ዛሬ ቢቀር ዛሬ ቀረ ነው፤ ሦስቱ ልጆች ምናልባት የተዉት ቦታ ይመለስላቸው ይሆናል። ከቀጠሮው በኋላ ቢፈርስ ግን ትምህርት ተጀምሯል፣ የሚመለሱበት የለም። ለልጆቹ ምን ልትል ነው? ለአንድ ሰው ቃል ገብቼ በእናንተ ቆመርሁ? ወደ ዳራርቱ አየች። ዳራርቱ የጫማዋን ክር እያጠበቀች ነው።

"ቃሌ ነው" አለች።

ዓብዱ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቫኑ ሄደና፣ የታሰረውን የፈረንጁን ቀበቶ ፈትቶ እንደገና ማሰር ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው የሚያስረው። ናዲራ ወረቀቱን በባየሽ ጉልበት ላይ አድርጋ ፈረመች። ዓብዱ ዞር ሲል ወረቀቱ የለም፤ ያየው ነገርም የለም። መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ኮሎኔሉ ስሞቹን በጣቱ ሁለት ጊዜ ቆጠረ። አሥራ ስድስት። ተነሥቶ ጨበጣትና፣ ጠበቆቹ ተስማሙ ማለት ነው አላት። ባየሽ እየተነጋገሩ ነው አለች። ሜዳው ላይ የተነሣው ጩኸት ከቢሮው ይሰማ ነበር። ስትመለስ ናዲራ ብቻዋን ጎሉ አጠገብ ቆማ ጠበቀቻት።

"አባቴ ምን አለሽ?"

"ምንም አላለም።"

"ምንም ማለት እሺ ነው?"

"ምንም ማለት ምንም ነው።"

ከዚያ ለሐጂ ደወለችላቸው። በሁለተኛው ቀጠሮ ስለ መለዮው እንዳይጨነቁ፣ እሷ አንስታው እንደጨረሰች ነገረቻቸው።  "አስቸገርሽን ልጄ" አሉ ሐጂ፤ "እኛ ያንን ይዘን ነበር ወደ ሦስተኛው ልናሻግረው ያሰብነው። አሁን በሁለተኛው ሊቆርጥ ነው።" እምቢ ይላል ወይ ስትላቸው፣ እሱን የሚያውቀው አላህ ነው አሉና፣ ያን ዕለት ጉልበታቸውን ስላመማቸው ለመሄጃው የተሻለ መኪና እንድትፈልግ አደራ ብለው ዘጉ።

ባየሽ የጨዋታውን ፕሮግራም አወጣች። የመጀመሪያው ጨዋታ በአሥረኛው ቀን ነው፤ ቀጠሮው በአሥራ አንደኛው። ከዓብዱ መልስ በፊት አንድ ጨዋታ አላት። ፊሽካዋን ነፋችና፣ ተከላካዮቹን ለብቻ ጠርታ፣ በረኛቸው ፊት እንዴት እንደሚቆም ማሳየት ጀመረች።