ሄርሊንዳ ልታጅባት የነበረችው ልጅ

የሟች ታላቅ እህት ኤሎኢሳ መቁጠሪያዋን ይዛ «ጸጋ የሞላብሽ ማርያም ሆይ» ስትል፣ ሳሎኑን የሞሉት ሴቶችም ሲቀበሏት፣ ርእሰ መምህሩ ባሬራ በሩን በትከሻው ገፋ አድርጎ ገባ። በአንድ እጁ የአበባ ጉንጉን፣ በሌላው ሚስቱ የላከችውን ምግብ በትሪ ይዟል። ጸሎት ላይ መሆናቸውን የተረዳው ክፍሉ መሃል ከደረሰ በኋላ ነው። እንዳይወጣ አፈረ፣ እንዳይቀመጥ ወንበር የለም፤ ትሪውን እንደታቀፈ ቆሞ አብሮ ማነብነብ ጀመረ።

ፊደንሲዮ ከጥግ ሆኖ ያየዋል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የትንሿ የድንበር ከተማ የኤል ሳውስ ሰው ሁሉ ምግብ ተሸክሞ ይገባል፤ እሱ ግን የቀመሰው ሁሉ አሸዋ አሸዋ ይለዋል። ሄርሊንዳ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትል የመኪናዋን ቁልፍ አጥታ «ፊደንሲዮ፣ ደግሞ የት ጣልከው?» እያለች ስትቆጣው፣ ቁጣውን እንኳ ሳትጨርስ ወደቀች። ቁልፉ ከገዛ ቦርሳዋ ተገኘ። ያንን ሲያስብ የሚናደደው በማን ላይ እንደሆነ አያውቅም፤ ብቻ ይናደዳል።

ጸሎቱ አብቅቶ ቡናና ጣፋጭ ዳቦ መዞር ሲጀምር፣ ሹክሹክታውም አብሮ ዞረ።

«ባሬራ ይሄ ነው እንዴ?»

«እሱ ነዋ። ቦርጩ ነው የተጨመረው።»

«ያኔ ሄርሊንዳ በማይክሮፎን ያለችውን ታስታውሻለሽ?»

«ማን ይረሳል እናቴ! እሱ ራሱ መች ረሳ?»

በኤል ሳውስ ሆምካሚንግ የሚሉት የትምህርት ቤቱ በዓል ዓርብ ሲደርስ ሱቅ ከፍቶ የሚውል የለም። የድሮ ተማሪዎች ካሉበት ይመጣሉ፣ ኳስ ይታያል፤ በኳሱ እረፍት ላይ ደግሞ ተማሪዎች በድምፅ የመረጧቸው የዘውድ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ሜዳውን ያቋርጣሉ። መጨረሻ ላይ ከመካከላቸው ንግሥት ትነግሣለች። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ልጅ ራሱ በመረጠው አስተማሪ ፊት ይቆማል፤ አስተማሪውም ማይክሮፎን ይዞ ስለ ልጁ ይናገራል። ሌሎቹ ከወረቀት ያነባሉ፤ የነገ ተስፋ ነው፣ የትጋት ምሳሌ ነው፣ እንዲህ እንዲህ። የሒሳብ አስተማሪዋ፣ አጭሯ ሄርሊንዳ፣ ወረቀት ይዛ አታውቅም። የእሷ አንዲት አረፍተ ነገር ነች፤ እሷም ወቀሳ። «ይህች ልጅ ተሳስተሻል ስትባል ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ከዚያ ያንኑ ስሕተት በሚያምር ጽሕፈት ትደግመዋለች።» ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል፣ ልጅቷ በደስታ ፊቷ ይቀላል። ሄርሊንዳ አጥርታ ያላየችውን ሰው እንደማትወቅስ አገሩ ሁሉ ያውቃላ። ባሬራንም በተማሪነቱ «ሬኔ ባሬራ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ መልሱን ይጽፋል» ብላው ነበር። ሰውዬው ተምሮ፣ ወልዶ፣ ርእሰ መምህርም ሆኖ፣ ያቺ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀችውም።

ባሬራ ፊደንሲዮን በክርኑ ይዞ ወደ በረንዳ አወጣው።

«ዶን ፊደንሲዮ፣ ዓርብ ለሚስ ሄርሊንዳ ትሬቪኞ የኅሊና ጸሎት እናደርጋለን። ፎቶዋም በትልቁ ስክሪን ይታያል።»

«ጥሩ ነው።»

«እ... የዘውድ ልጇ የየሴንያም ጉዳይ እንዳያሳስብዎት። ስሟ ይነበባል። ሜዳ መግባቱ ነው እንጂ... መመሪያው ከወላጅ ወይም ከሕጋዊ አሳዳጊ ጋር ነው የሚለው።»

«ሄርሊንዳ እኔ አጅባታለሁ ብላህ አልነበር?»

«ብላኛለች።»

«ምን አልካት?»

ባሬራ የቡና ሲኒውን ትክ ብሎ አየ። «እንነጋገርበታለን አልኳት።»

«እሷስ?»

«ተነጋግረን ጨርሰናል አለችኝ።»

ፊደንሲዮ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊስቅ ምንም አልቀረው።

ነገሩን ያውቀዋል። የየሴንያ አባት ወንዙን ተሻግሮ ወደ አገሩ ከተመለሰ ቆይቷል። እናቷ ኦራሊያ ሽንኩርት በሚታሸግበት መጋዘን ትሠራለች፤ የመኖሪያ ወረቀት ስለሌላት የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ካለበት አትደርስም፤ የስታዲየሙ በር ላይ ደግሞ ፖሊስ አይጠፋም። ልጅቷ ስትመረጥ ትምህርት ቤቱ በጩኸት ተናወጠ አሉ። ሄርሊንዳ እሑድ ዕለት ድስቱን ከምድጃ ጋር እያጋጨች «ልጆቹ የመረጡት ልጅቷን ነው ወይስ የእናቷን መታወቂያ?» ስትል አመሸች። ከዚያ ዞር ብላ «ዘንድሮ አንተም ትመጣለህ» አለችው።

«ዓርብ ውሃ አለብኝ» አላት።

ፊደንሲዮ የመስኖ ቦይ ጠባቂ ነው፤ ለብርቱካኑም ለሽንኩርቱም እርሻ ውሃ የሚለቀው እሱ ነው። ሄርሊንዳ በየዓመቱ ትለምነዋለች፣ እሱ በየዓመቱ ውሃ ይኖርበታል። እውነቱን ለመናገር ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ያስፈራዋል፤ ምላሱ ይተሳሰራል። እሷም ይህን ታውቃለች። እሑድ ግን እንደ ወትሮው አልሳቀችም፤ «እሺ፣ ከውሃህ ጋር እደር» ብላው ተኛች።

ባሬራን ሸኝቶ ወደ ማድ ቤት ሲገባ የሴንያ እጅጌዋን ሰብስባ የለቅሶኛውን ሳህን ታጥባለች።

«አንቺ ልጅ፣ ለለቅሶ መጥተሽ ሳህን ታጥቢያለሽ?»

«ቁጭ ስል ያስለቅሰኛል፣ ዶን ፊደንሲዮ።»

«አልቅሺዋ። ማን ከለከለሽ?»

«ሚስ ትሬቪኞ ትከለክለኛለች። ‹እንባሽ ወረቀቱን አበላሸው፣ ድገሚው› ነው የምትለኝ።»

ፊደንሲዮ ፎጣ አንሥቶ ማድረቅ ያዘ።

«ባሬራ ነገረኝ» አለ።

«እኔ ራሴ ትቼዋለሁ። መሰለፍ አልፈልግም። ምኑም አያምረኝም።» አንገቷን አላቀናችም። «ቀሚሱ ይሞቃል፣ ጫማውም ይጠበኛል።»

«የሚጠብ ጫማ አለሽ ማለት ነው?»

«እናቴ ነች የገዛችው» አለችና ያጠበችውን ሳህን እንደገና አጠበችው።

ፊደንሲዮ ሳህኑን ከእጇ ተቀበላት። ሆዱ ውስጥ የነበረው ቁጣ አሁን የሚሄድበት አገኘ።

«ዓርብ ለብሰሽ ጠብቂኝ።»

«እርስዎ? ሐዘን ላይ እኮ ነዎት!»

«ሐዘን ላይ ስለሆንኩ ነው። ለእናትሽም ንገሪልኝ፤ በቦዩ መንገድ ትምጣ። የዚያ በር ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ ከፍቼላት እሄዳለሁ። ከሜዳው ጀርባ አጥሩ ጋ ደርሳ ትቁም፤ እዚያ ከእንቁራሪት በቀር ጠባቂ የለም።»

ዓርብ አመሻሽ ላይ ኤሎኢሳ ሻማ አብርታ፣ ሴቶቹን አስቀምጣ፣ ጸሎት ልትጀምር ስትል ፊደንሲዮ በቀብሩ ዕለት የለበሰውን ጥቁር ኮት ለብሶ ከመኝታ ቤት ወጣ።

«ወዴት ነው?»

«ስታዲየም።»

ኤሎኢሳ የሰማችውን ማመን አቃታት። «የእህቴ አፈር ሳይደርቅ? ዳንኪራና ጥሩምባ ወዳለበት? ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል። ጸሎቱን እናንተ ያዙልኝ፤ እኔ የሄርሊንዳ ሥራ አለብኝ።»

«የሄርሊንዳ ሥራ!» ተነሥታ በሩን ዘጋችበት። «በቁሟ ስትለምንህ አንድ ዓመት እንኳ ሄደህላት ታውቃለህ? አሁን ለማን ልትታይ ነው?»

ሴቶቹ መቁጠሪያቸውን ይዘው መሬት መሬት አዩ። ፊደንሲዮ የተወጋው የሚያመው ቦታ ላይ ነው። «አልሄድኩም» አለ። «እሱን እስክሞት እሸከመዋለሁ፤ አንቺ አታሸክሚኝም። አሁን ግን ከበሩ ዞር በዪ፣ ልጅቷ ለብሳ ቆማለች።»

ኤሎኢሳ ዞር አላለችም። እሱ ግን በወንበሮቹ መሃል ሾልኮ፣ በማድ ቤቱ በር ወጥቶ ሄደ። ከኋላው የጀመረችው ጸሎት ከወትሮው ይልቅ ጮክ ያለ ነበር፤ እርግማን ይሁን ምርቃት አልለየለትም።

የሴንያ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች። ደረቷ ላይ እናቷ የሠራችው ትልቁ የበዓል አበባ ተሰክቷል፤ ጥብጣቦቹ ጉልበቷ ድረስ ይወርዳሉ፣ ጫፋቸው ላይ ያሉት ቃጭሎች ስትራመድ ይንሿሿሉ። የዘውድ ልጆች የሚሰለፉበት ቦታ ሲደርሱ ባሬራ ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ዶን ፊደንሲዮ፣ እባክዎ! እርስዎ ሕጋዊ አሳዳጊዋ አይደሉም።»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ላስገባዎ?»

«ምንም አትበል። ዝም ብለህ ቁም።»

«እኔ እኮ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። መመሪያው ከተጣሰ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ክፉ አይደለህም፤ ፈሪ ነህ። እኔም ፈሪ ነኝ።» የኮቱን ቁልፎች ቆለፈ። «ብቻ እገባለሁ። ማስቆም ካማረህ እዚያ መሃል መጥተህ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ እያየህ፣ ጥቁር እንደለበስኩ አስቁመኝ።»

ልጆቹ እየተጠሩ ገቡ፤ አስተማሪዎቹ እየተቀበሉ አሞገሷቸው። ስም አልቆ የሙዚቃ ጓዱ መሣሪያውን ሲያነሣ፣ የየሴንያ ስም ግን ይነበባል እንደተባለው እንኳ አልተጠራም።

ፊደንሲዮ ክንዱን አጠፈላት። ገቡ።

ያን ያህል ሣርና ያን ያህል ብርሃን በሕይወቱ አቋርጦ አያውቅም። በሁለቱም ወገን የተቀመጠው ሕዝብ ጸጥ አለ፤ የሚሰማው የጥብጣቡ ቃጭል ብቻ ነው። ባሬራ ሊያስቆማቸው ከመስመሩ ሁለት እርምጃ ወጣ። ይኸኔ ከላይ ወንበሮቹ መሃል አንድ ጎልማሳ «ሬኔ! ጥያቄውን አንብበው!» ብሎ ጮኸ። ስታዲየሙ በሳቅ ፈነዳ። ባሬራ ባለበት ቀረ፤ ወረቀቱንም አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ማስታወቂያ የሚናገረው የታሪክ አስተማሪው ኦቾዋ ነው። ከላይ ከማማው ሆኖ ጉሮሮውን ሲጠራርግ በድምፅ ማጉያው ተሰማ። እፊቱ የተጻፈለት ነገር አልነበረም።

«የሴንያ» አለ። «የዘውድ ልጅ።» ወደ ጥቁሩ ኮት ተመለከተ። «አጅባት የገባችው፣ ሚስ ሄርሊንዳ ትሬቪኞ።»

ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሣ። ፊደንሲዮ እንባው ገነፈለበት፤ አንድ እጁን የሴንያ ስለያዘችው በሌላው እጁ ጀርባ ጠረገው።

በአስተማሪዎቹ ሰልፍ መሃል የሄርሊንዳ ቦታ ክፍት ነው። የሴንያ እዚያ ቆመች። አጠገቡ የነበረችው የኬሚስትሪ አስተማሪ ምንም ሳትል ማይክሮፎኑን ለፊደንሲዮ ሰጠችው። ማይክሮፎን ይዞ አያውቅም፤ እንደ አካፋ እጀታ ጨበጠው።

«እኔ መናገር አልችልም» አለ፤ ድምፁ ከአራቱም ማዕዘን ሲመለስበት ደነገጠ። «ሚስቴ ስለዚህች ልጅ ምን ልትል እንደነበር አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም።» አንድ ሕፃን የሆነ ቦታ አለቀሰ። «የማውቀውን ልናገር። ይህች ልጅ ዋሽታኛለች። እቤቴ ማድ ቤት ውስጥ ቆማ፣ ዓይኔን ሳታይ፣ መሰለፍ አልፈልግም ብላኛለች።»

የሴንያ አፏን በእጇ ያዘች።

«ትፈልጋለች» አለ ፊደንሲዮ።

ሳቁም ጭብጨባውም አንድ ላይ ፈሰሰ። የሴንያ እየሳቀች አለቀሰች፤ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ «ዋሽቼ ነው፣ ዋሽቼ ነው» ትለዋለች። አስተማሪዎቹ ሰልፉን አፍርሰው ከበቧት። ማንም ጽሑፍ አላነበበም፤ እያንዳንዳቸው ጉንጯን ይዘው የየራሳቸውን ወቀሳ በጆሮዋ አሏት፤ አንደኛው ስለ ዘገየ የቤት ሥራ፣ ሌላዋ ክፍል ውስጥ ስለ ብዙ ማውራቷ።

ንግሥት የተባለችው ሌላ ልጅ ነች። የሴንያ ውጤቱ ሲነገር የሰማችም አትመስልም፤ በአስተማሪዎቹ ትከሻ ላይ አሻግራ የሜዳውን ጀርባ ታያለች። በሽቦ አጥሩ ማዶ፣ በቦዩ ዳር፣ የሥራ ልብሷን ያልቀየረች ሴት ሁለት እጇን ሽቦው ላይ ሰቅላ ቆማለች።

«እንሂድ» አለ ፊደንሲዮ።

አብረው ሄዱ። አጥሩ ሊደርሱ ሲሉ የሴንያ ክንዱን ለቅቃ በሚጠበው ጫማዋ ሮጠች። ኦራሊያ ጣቶቿን በሽቦው ቀዳዳ አሾልካ የልጇን ፊት ነካች፤ ከዚያ የተጠማዘዘውን ጥብጣብ አቃናች። ምን እንደተባባሉ ፊደንሲዮ አልሰማም። መስማትም አልፈለገም፤ ዞረ።

ሙዚቃው ጀምሯል። ሜዳው ላይ ያለው ወላጅ ሁሉ የየልጁን እጅ ይዞ ይወጣል። ፊደንሲዮ ብቻውን በሣሩ ላይ ሲመለስ፣ የታጠፈ ክንዱን አላወረደም። ሰፊ እርምጃውን አጠር አጠር አድርጎ፣ አጠገቡ አጭር ሴት እንዳለች ሁሉ፣ ቀስ ብሎ ሜዳውን አቋረጠ።