የሲሲፕ ጸጉር

ሲሲፕ የነጮች አዳሪ ትምህርት ቤት በገባች ዕለት መነኩሲቷ ሲስተር ክሎቲልድ ሁለቱን ረጃጅም ሹሩባዎቿን በመቀስ ቆርጣ ባልዲ ውስጥ ጣለቻቸው። የሲሲፕ ወገኖች፣ የካናዳ ነባር ሕዝብ የሆኑት ክሪዎች፣ ጸጉራቸውን የሚቆርጡት የቅርብ ሰው ሲሞትባቸው ነው። ልጅቷም "ማን ሞተብኝ?" እያለች ታለቅስ ጀመር።

"ማንም አልሞተም፤ እዚህ ሁላችንም እንዲሁ ነን" አለቻት ማቲልዳ፣ አጠገቧ የምትተኛው ልጅ፣ በሹክሹክታ። "ደግሞ በክሪ አታውሪ፣ አፍሽን በሳሙና ያጥቡልሻል። እኔ ቀምሼዋለሁ። ከገንፏቸው ሳይሻል አይቀርም።"

በረዶ ሊጥል ሲል እናቷ ከሰሜን፣ አውሬ ከሚያጠምዱበት ሰፈር፣ በታንኳ መጣች። ከሲሲፕና ከታላቅ ወንድሟ ከዋፖስ በፊት ከዚያ ሰፈር ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ስላልነበረ፣ እዚህ ምን እንደሚደረግ የነገራት ሰው የለም። ልጃገረዶቹ ድንች ሲለቅሙ ከሽቦው አጥር ማዶ ብቅ አለች።

ሲሲፕ እየሮጠች ሄደች። እናቷ ግን የዘረጋችውን እጅ መልሳ ሰበሰበች። ያንን የተከረከመ ራስ አየች። ዋፖስን ፍለጋ ግቢውን በዐይኗ አሰሰች፤ አንድም ወንድ ልጅ የለም።

"ወይኔ ልጄን! ወይኔ ዋፖስ!"

ከወገቧ ቢላዋ መዘዘችና የራሷን ሹሩባ ጨበጠች።

ሲሲፕ የምታውቃት ትንሽ እንግሊዝኛ "እሺ ሲስተር" ከማለት አታልፍም፤ እናቷ ደግሞ እሷንም አትሰማም። ዞር ስትል ሲስተር ክሎቲልድ ከኋላዋ ቆማለች። ማቲልዳ ከድንቹ መሀል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ለመነቻት።

"እማዬ፣ አትቁረጪው!" ብላ ጮኸች ሲሲፕ፣ በክሪ። "ዋፖስ አለ! ከጎተራው ጀርባ እንጨት እየፈለጠ ነው! የኔን የቆረጡት እነሱ ናቸው፣ የሁላችንንም!"

ቢላዋው ባለበት ቆመ። እናቷ ጣቶቿን በሽቦው አሾልካ ያንን ጎርባጣ ጸጉር ዳሰሰችው።

"ማንም ሳይሞት?"

"ማንም ሳይሞት።"

"እና በምን ቆረጡት፣ በጥርሳቸው?"

ሲሲፕ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

"ወንድምሽስ፣ ይበላል?"

"የሰው ሳህን ሳይቀር ይልሳል አሉ።"

"እንግዲያው እሱ ራሱ ነው" አለች እናቷ፣ ፊቷን በእጇ እየጠረገች።

ሲስተር ክሎቲልድ የልጅቷን ክንድ ጨምድዳ ወደ ሕንጻው ትጎትታት ጀመር። እናትየው አጥሩን ታክካ፣ የዋፖስን ስም እየጠራች፣ ወደ ጎተራው ገሰገሰች። የመጥረቢያው ድምፅ ጸጥ አለ። ከዚያ "እማዬ! እማዬ!" የሚል የክሪ ጩኸት ግቢውን ሞላው።

ሲስተር ክሎቲልድ ወደ ሕንጻው ትሩጥ ወይስ ወደ ጎተራው ግራ ገብቷት ቆመች።