የመኸር ማራገቢያ

ናሪኮ ከንግሥቲቱ እልፍኝ የተባረረችው ባለፈው ፀደይ ነው። የፕለም አበባን ከበረዶ እያምታታች የገጠመችውን ግጥም፣ ወዳጇ ቶኪካታ በቤተ መንግሥቱ የግጥም ውድድር ላይ የራሱ አድርጎ አነበበው። የእኔ ነው ብትል፣ «ይሄ እኮ የቻይናዎች የአገጣጠም መንገድ ነው። ሴት የቻይናን ፊደል ከየት ታውቀዋለች?» ብሎ አዳራሹን አሳቀባት፤ እሷም የሰው ግጥም ቀማኛ ተብላ ተባረረች። አባቷ ወንድሟን ሲያስተምር ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ሁሉንም እንደቀሰመች ማን ይስማት። ቶኪካታ ራሱ ግን አንድ የቻይና ግጥም እስከ መጨረሻው አንብቦ አያውቅም።

በጋውን ሙሉ ቂሟን ስታብላላ ከረመች። ለልዑሉ አዲስ ሙሽራ የመኸር ግብዣ ሊደረግ መሆኑን ስትሰማ፣ ቶኪካታ ግጥም ፍለጋ እንደሚመጣ አልተጠራጠረችም። መጣም።

«አሁንም እንደተቀየምሽኝ ነሽ?»

«ብቀየምስ ምን አመጣለሁ?»

«ሰሞኑን የጻፍሽው የለም?»

«አንድ አለ። ለራሴ ነው የጻፍኩት፤ ለሰው አይሆንም።»

ፍራፍሬ ላምጣ ብላ ወጣች። ስትመለስ ሣጥኗ ላይ የተወችው ወረቀት ቦታውን ለውጧል። እንዳላየች ሆነች።

በግብዣው ላይ ቶኪካታ በዚያ በሚያምር ድምፁ፣ የመኸር ነፋስ ሲነፍስ ወደ ሣጥኗ ስለምትመለስ የሐር ማራገቢያ አነበበ። የሙሽራዪቱ አባት፣ ቻይንኛ ሲያነብ ያረጀው ሚኒስትር፣ ጽዋውን አስቀመጠ።

«በቻይናዎች ግጥም የመኸር ማራገቢያ ምን እንደሆነች ታውቃለህ?»

«ውበት ናት፣ ጌታዬ።»

«ባሏ የጣላት ሴት ናት። ልጄን ገና በሙሽርነቷ ታሟርትባታለህ?»

ቶኪካታ ምንጣፉ ላይ ተደፋ። «የእኔ አይደለም፣ ጌታዬ። ናሪኮ የምትባል ሴት ናት የጻፈችው።»

«የፀደዩስ?»



በማግስቱ ናሪኮ ተጠራች። ከሙሽራዪቱ መጋረጃ ፊት ተንበርክካ፣ «እመቤቴ፣ የጻፍኩት ስለ ራሴ ነው። የተጣልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ፊት ያመጣውን እሱን ይጠይቁልኝ» አለች። ሙሽራዪቱ፣ «ከእኔ ጋር ትሁን» አለች።

ቶኪካታ ወደ ሰሜን ጠረፍ ተላከ። ናሪኮ ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ ግን አልጠገበችም። በሚነሣበት ቀን ግጥም ላከላት፤ በመኸር ወደ ሰሜን እንደሚበሩ የዱር ዝይዎች እሱም ሊሄድ ነው፣ ይቅር በይኝ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ብሩሿን እንደ አራሚ ቀይ ቀለም ውስጥ ነክራ፣ «ዝይዎች በመኸር ከሰሜን ይመጣሉ እንጂ ወደዚያ አይሄዱም» ብላ ጻፈችበትና ባመጣው ሰው እጅ መለሰችለት።