መኪናው ሲጮኽ ብቻ

የሽማግሌው ድምፅ በሰፈሩ የታወቀ ነው። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በእሳት አደጋ ሠራተኝነት ነው፤ ጢስ በሞላው ቤት ውስጥ ቆመው «ወደዚህ! ወደኔ!» ሲሉ ግራና ቀኙ የጠፋበት ሁሉ ድምፃቸውን ተከትሎ ይወጣ ነበር አሉ። ጡረታ ሲወጡ ያ ሁሉ ድምፅ ሥራ ፈቶ ልጃቸው ቤት ገባ። ከመታጠቢያ ቤት ሆነው ሳሙና ሲጠይቁ ጎረቤት ሳሙና ይዞ ይመጣል እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር።

ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት። የቤቷ የፊት ክፍል ሱቋም ነው፤ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ ጥግ ላይ የካውያ ጠረጴዛዋ። አባቷና ሁለቱ ልጆቿ የሚውሉበትን የውስጡን ክፍል ከሱቁ የሚለየው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤቱን የሚያየው እንደ እንግዳ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ቤት ሕግ አውጪዋም ሕግ አስከባሪዋም እሷው ናት። ስድስት ዓመት የሞላት ትልቋ ልጅ በሁሉ ነገር ላይ ፍርድ ስለምትሰጥ አያቷ «ዳኛዋ» ይሏታል። ትንሹን ደግሞ አንዴ ያየ ሰው ሁሉ ጉንጩን ሳይቆነጥጥ ስለማያልፍ «ጉንጮ» ነው የሚባለው።

ልብስ ሰፊዋ ክር ልትገዛም ሆነ ልጅ ከትምህርት ቤት ልታመጣ ከበር ስትወጣ ሽማግሌው ከውስጥ ይጮኻሉ፤ «ካውያውን ነቅለሻል?»

ስንት ቤት በካውያ ሲነድ ያየ ሰው ምን ይፈረድበታል! እሷ ግን የሁለት ልጆች እናት ሆና እንደ ሕፃን መጠየቋ ያንገበግባታል። «ነቅያለሁ አባዬ፣ እንደ ትናንቱ፣ እንደ ትናንት ወዲያው» ብላ በሩን ከበድ አድርጋ ትዘጋለች።

ከዚያ ያ ድምፅ ሻከረ። ጉንፋን ነው ተባለ፤ ማር ተላሰ፣ ሻይ ተጠጣ፣ እንፋሎት ተታጠነ። አልለቅ ሲል ሐኪም ቤት ሄዱ። ከስንት ምርመራ በኋላ ሐኪሙ ልብስ ሰፊዋን ብቻዋን ወደ መተላለፊያው ጠራት። ማንቁርታቸው ላይ ካንሰር እንዳለ ነገራት። «ማንቁርቱ መውጣቱ አይቀርም ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ እንደ በፊቱ አይናገሩም፤ ግን ሕይወታቸው ሊተርፍ ይችላል። ለማንኛውም ቁርጡ የሚታወቀው ከፍተን ስናይ ነው። እስከ ኦፕራሲዮኑ ድረስ ድምፃቸውን ባያስጨንቁት ጥሩ ነው» አላት።

ሰው ሲጨንቀው ከተነገረው ውስጥ የሚሰማው የፈለገውን ነው። ልብስ ሰፊዋም ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ብቻ ይዛ ወጣች፤ «ከፍተን ስናይ» እና «ባያስጨንቁት»። ድምፁ በደንብ ካረፈ ያገግማል፣ ሲከፍቱት ደህና ሆኖ ያገኙትና ይተዉለታል ብላ ራሷን አሳመነች። ለአባቷ ግን ይህን ሁሉ አልነገረችም። «ትንሽ እባጭ ናት፤ ያወጡልሃል። አንተ ብቻ ድምፅህን አሳርፍ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ትንሽ አዩዋትና «እሺ» አሉ። እኒህ ሰው በሕይወታቸው እንዲህ በቶሎ እሺ ብለው አያውቁም። ያኔ መጠርጠር ነበረባት፤ ግን በምን ልቧ ትጠርጥር?

በዚያው ቀን ሕጉ ወጣ። ሽማግሌው አይናገሩም። ከልብስ ቁራጭ አንድ ጥቁር ጨርቅ መርጣ እንጨት ላይ ወጠረችላቸው፤ ልብስ ላይ ምልክት ለማድረግ ከምትጠቀምበት ጠመኔም አንድ ሰጠቻቸው። ውሃ ሲጠማቸው «ውሃ»፣ ሲጠግቡ «በቃኝ» ብለው ይጽፋሉ። እሷ ለመውጣት ስትነሳም እንጨቱን ከፍ ያደርጉታል፤ «ካውያው?»

ልጆቹንም ፊቷ አቁማ አስጠነቀቀች። «አባባን ያስወራ ሰው ወየውለት!»

«እስከ መቼ?» አለች ዳኛዋ።

«እስኪሻለው።»

«ታሪኩስ?»

ታሪኩ አያቷ ማታ ማታ የሚነግሯቸው ነው፤ ውሃ ስለሚፈራ አንድ የእሳት አደጋ መኪና። እሳት ሲያይ ይሮጣል፣ ውሃ ሲያይ ይንቀጠቀጣል። ታሪኩ የተቋረጠው ወንዝ ማዶ ያለ ዳቦ ቤት እየነደደ፣ መኪናው ወንዙ ዳር ደርሶ «አልሻገርም» ሲል ነው።

«ታሪኩ ይቆያል» አለች እናትየው።

«ዳቦ ቤቱ እየነደደ?»

«ይንደድ! አንቺን ዳቦ አልከለከልኩሽ!»

ዳኛዋ ፍርዱ እንዳልተዋጠላት ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። ጉንጮ ግን እህቱን አይቶ ሳቀ፤ እሱ ለሁሉም ነገር ይስቃል።

ባሏ ከመንገድ ሲደውል «ንገሪያቸው እንጂ፤ ጉሮሮው የራሳቸው ነው» ይላታል። «ምን ብዬ? አባዬ ከእንግዲህ አትናገርም ልበለው? ሆድ ይፍጀው» ትለዋለች። ጎረቤቶች ሊጠይቁ ሲመጡ ሽማግሌው በጠመኔ ሰላም ሲሉ አይተው «እሰይ፣ ዝም አይነቅዝም» ብለዋቸው ይሄዳሉ።

በዚያ ላይ ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ የዩኒፎርም ሥራ ተከምሮባት ነበር። ያ ሁሉ እጅጌ፣ ያ ሁሉ ኮሌታ! ከጠዋት ጀምሮ የስፌት መኪናውን መርገጫ ትረግጣለች። አሮጌ መኪና ስለሆነ ሲሰፋ ቤቱን ያናውጠዋል። ክር ለመበጠስ ቆም ስትል ግን ጆሮዋን ወደ መጋረጃው ትጥላለች፤ ከውስጡ ክፍል ኮሽታ የለም። «ጎሽ የኔ ልጆች» ትልና እንደገና ትረግጣለች።

አንድ ቀን መቀስ ፈልጋ መጋረጃውን ድንገት ገለጠችው። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ዳኛዋ ጆሮዋን አፋቸው ሥር አድርጋ፣ ጉንጮ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጦ። ሦስቱም አፋቸውን ገጥመው አዩዋት። ጉንጮ በመዳፉ አፉን ይዞ ይንፈቀፈቃል። ዝም ብለው እንኳ እንዴት ይዋደዳሉ ብላ መቀሱን ይዛ ተመለሰች።

ኦፕራሲዮኑ ሊደርስ ሲል፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ቁልፍ የሚተከልበት ሸሚዝ ይዛ አባቷ አጠገብ ቁጭ አለች። ልጆቹ ውጪ ይጫወታሉ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሽማግሌው እጃቸውን ክንዷ ላይ ጣል አድርገው፣ በዚያ በሻከረ ድምፅ «አንቺ ልጅ…» አሉ።

ደነገጠች። ከንፈራቸው ላይ ጣቷን አደረገች። «በሞቴ አባዬ፣ እንዳታበላሸው! ሲሻልህ ትነግረኛለህ።»

ሽማግሌው እንጨቱን አንስተው በጠመኔ «ካውያው?» ብለው ጻፉ። ሳቀች፤ ግንባራቸውን ሳመችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

በቀጠሮው ጠዋት ሽማግሌው ነጭ ልብስ ለብሰው ተሽከርካሪ አልጋ ላይ ተጋደሙ። ነርሷ መጣች። «አባት፣ ምን እንደሚደረግልዎት በደንብ ተነግሮዎታል?» አለች።

«አዎ፣ ተነግሮታል» ብላ ልብስ ሰፊዋ ጣልቃ ገባች።

ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። «ድምፄን ልትወስዱ ነው። ሐኪሙን ለብቻዬ ጠይቄው ሁሉንም ነግሮኛል፤ ፈቅጄም ፈርሜያለሁ። ‹ከፍተን ስናይ› የሚሏት ለማጽናኛ ናት።»

ልብስ ሰፊዋ የአልጋውን ብረት ይዛ «ታውቅ ነበር?» አለች።

«እኔ እንዳላውቅ ስትለፊ ሳይ አሳዘንሽኝ። እንዴት ብዬ ላፍርስብሽ?»

አልጋውን የሚገፋው ሰው መጣ። ስንት የምትጠይቀው ነገር ነበር! ስለ እናቷ፣ ስለ ልጅነቷ፣ ያን ቀን «አንቺ ልጅ» ብለው ምን ሊሏት እንደነበር። አልጋው ተንቀሳቀሰ። ጎን ለጎን እየተራመደች «አባዬ፣ እንግዲያው አውራ፤ የፈለግከውን አውራኝ» አለች። እንባዋ ይወርዳል።

ሽማግሌው በሩ ላይ ሲደርሱ ብቻ ቀና አሉ።

«ካውያውን ነቅለሻል?»

«ነቅያለሁ አባዬ» አለች። በሩ ተዘጋ።

ማንቁርታቸው ወጣ። ሐኪሞቹ እባጩን ጠርገን አውጥተናል፣ ከእንግዲህ በክትትል ነው አሉ። ሽማግሌው ሲሻላቸው ወደ ቤት ተመለሱ፤ አንገታቸው ላይ በተከፈተላቸው ቀዳዳ ይተነፍሳሉ፣ ሲተኙ ትንፋሻቸው ያፏጫል። ዩኒፎርሙ አልቆ ለባለቤቶቹ ተሰጥቷል። ልብስ ሰፊዋ ሌላ ሥራ አልቀበልም ስላለች የስፌት መኪናው በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

ጎረቤት እየመጣ «እንኳን ተረፉልሽ» ይላታል። እሷም ተመስገን ትላለች፤ ከልቧ ነው። ብቻዋን ስትሆን ግን ይህ ነገር ያቃጥላታል፤ አባቷ ድምፅ የነበራቸው የመጨረሻዎቹን ቀናት ዝም ያሰኘቻቸው ማንም ሳይሆን እሷ ናት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ከቤት ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ትቆማለች። ማንም አይጠይቃትም። ካውያው እንደተነቀለ እያወቀች ተመልሳ ሶኬቱን ታያለች።

አንድ ከሰዓት ሽማግሌውና ጉንጮ ተኝተው ሳለ፣ ልብስ ሰፊዋ ከተሸፈነው መኪና ፊት ቁጭ ብላ ስታለቅስ ዳኛዋ መጣች።

«እማዬ፣ መቼ ነው የምትሰፊው?»

«ምን አስቸኮለሽ? ቀሚስ አማረሽ?»

«አይደለም። አባባ ሲነሳ ታሪክ ልነግረው ነበር። ግን መኪናው አልጮኸም።»

«ታዲያ ዝም ብለሽ አትነግሪውም?»

ዳኛዋ እናቷን በትዝብት አየቻት። «አንቺ ትሰሚያለሻ! የሚወራው መኪናው ሲጮኽ ብቻ ነው። ሲቆም ዝም። አባባ ነው ያለው። ጉንጮ እንኳን ያውቃል።»

ልብስ ሰፊዋ እንባዋን መጥረግ ረሳች። «አባባ ያወራችሁ ነበር?»

«ሁልጊዜ!»

«የእሳት አደጋ መኪናው ታሪክ አለቀ?»

«ድሮ! ወንዙን ተሻገረ። ዓይኑን ጨፍኖ። ከዚያ ሌላ ታሪክ ነገረን፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ያንቺን።» አፏን በእጇ ያዘች።

«የኔን? የኔን ምን አለ?»

«እንዲህ ጸጥ ብሎማ አይነገርም።»

እናትየው ጨርቁን ከመኪናው ላይ አነሳች። ክር አልነበረውም፤ ባዶውን መርገጥ ጀመረች። ቤቱ ተናወጠ። ዳኛዋ ወንበር ላይ ወጥታ አፏን ጆሮዋ ላይ ገጠመች።

«አንቺ እኔን ስታክዪ፣ እሳት ጠርቶት ከሄደ እስኪመለስ አትተኚም ነበር። መስኮት ላይ ቆመሽ ታለቅሻለሽ። ተቃጥሏል ትያለሽ። ስለዚህ ሲመጣ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ እየጮኸ ይጠራሻል። ሩቅ ሆኖ። ‹አለሁ! መጣሁ!› እያለ። ድምፁን ስትሰሚ እዚያው መስኮቱ ላይ ትተኛለሽ። ጮክ ብሎ ማውራት የለመደው በዚያ ነው አለ።»

መስኮቱ ትዝ አላት። ብርዱ፣ የመስታወቱ እርጥበት፣ ከጨለማው ውስጥ የሚመጣው ያ ድምፅ። አባቷ እንዲሁ ሲፈጥራቸው ጯሂ ናቸው ብላ ነበር የኖረችው።

እግሯ ቆመ። ዳኛዋም ወዲያው ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መጋረጃው አየች። ከወዲያ የሽማግሌው ትንፋሽ ሲያፏጭ ይሰማል።

«ቀጥዪ፣ የኔ እናት። ሌላስ ምን አለ?»

«ቆመ እኮ» አለች ዳኛዋ በሹክሹክታ።

ልብስ ሰፊዋ ከእግሯ ሥር ከወደቁት ቁርጥራጮች አንዱን አንስታ ከመርፌው ሥር አስገባችና መርገጫውን ረገጠች።