ማንም ያልሳቀበት ትዕይንት

ደግሞ ሳቀ፣ ካሜራማኑ ነው፣ ምን አደረግኩ እኔ፣ ቁልፉን አዙሬ በሩን ቆለፍኩ፣ ይኸው ነው፣ ይቅርታ ገጣጣው፣ ፊትህን ሳይ አልችልም፣ ይላል ዓይኑን እየጠራረገ። ዕድሜ ልኩን ሲያስቅ የኖረ ጥርስ ድንገት ክፉ ባል ሁን ቢሉት ክፋቱን ከየት ያምጣ፣ ፕሮዲውሰሩ እኮ ለአዘጋጇ ብሏታል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ በዚህ ሰውዬ የፍቅር ፊልማችንን መሳቂያ ልታደርጊው ነው፣ ዛሬ ካልሆነልኝ ጥርሴ እስኪረግፍ በየኮሜዲው ከመሰላል ስወድቅ ልኖር ነው።

እንደገና፣ ትላለች አዘጋጇ። እሷ አትስቅም።

ጠዋት ባለቤቴን፣ ሸሚዜን እየተኮሰች፣ የሚያስፈራ ሰው እንዴት ነው የሚኮነው ስላት፣ ቀና ሳትል፣ ቤት ስትገባ እንደምትሆነው ሁን፣ አለችኝ፣ እኔ ሳቅኩ፣ እሷ አልሳቀችም፣ ካውያው እጅጌው ላይ ሄደ መጣ። ምን ማለቷ ነው፣ እጄን አንስቼባት አላውቅ፣ ጮኼባት አላውቅ፣ ዝም ነው የምለው፣ ሲለፈልፍ የዋለ አፍ ቤቱ ገብቶ ቢዘጋ ምን ይገርማል፣ እኔ ዝም ስል እሷ ቴሌቪዥኑን ትቀንሳለች፣ ልጄ ኮቴዋን አጥፍታ ታልፋለች፣ የተኛሁ ይመስል፣ ሳልተኛ።

እንደገና።

ቁልፉን አዞራለሁ። ሚስቴ ሆና የምትሠራው ተዋናይት ቃሏን ትላለች፣ ሌላ ሰው ወድጃለሁ፣ ልሄድ ነው፣ አላያትም፣ ጃኬቴን አወልቃለሁ፣ ቀስ ብዬ፣ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፣ ሻይሽን ጠጪ፣ እላታለሁ፣ ይቺ ድምፅ ከየት መጣች፣ አውቃታለሁ እኮ፣ የየማታዋ ናት፣ ብርጭቆውን አንስታ ትጨልጠዋለች፣ ድርሰቱ ላይ የለም፣ ወንበሯን ወደ ኋላ ትገፋለች፣ ይሄም የለም፣ ካሜራማኑ ትንፋሹን ውጧል፣ ሳቁ እንጂ፣ አንዳችሁ እንኳ።

በቃ፣ ይሄ ነው፣ ትላለች አዘጋጇ በሹክሹክታ። የሚያጨበጭብ የለም። ተዋናይቷ ሻሏን ትከሻዋ ላይ እየሳበች፣ ጋሼ፣ የምሬን ፈራሁዎት፣ ትለኛለች፣ ልቀልድ አፌን እከፍታለሁ፣ ቀልድ የለም።

ኮሪደሩ ላይ ለባለቤቴ እደውላለሁ። እንዴት ሆነ፣ ትላለች፣ አልሳቁም፣ እላታለሁ፣ እሰይ፣ ትላለች፣ እሰይታዋ ቀዝቃዛ ነው። ትፈሩኛላችሁ እንዴ፣ አንቺና ልጅቷ። የቧንቧ ውሃ ሲዘጋ ይሰማኛል። አንፈራህም፣ ትላለች፣ ሁኔታህን ነው የምናየው፣ ከበር ስትገባ ጀምሮ።

አዘጋጇ ብቅ ትላለች፣ ከሌላ አቅጣጫ ልንቀርጸው ነው፣ ያንኑ ድገምልኝ፣ ያንኑ። ትንሽ ቆዪኝ፣ እላታለሁ፣ ከቤት ጋር እያወራሁ ነው፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ፣ አለሽ ወይ፣ አለሁ፣ እስቲ ንገሪኝ፣ ምን እንደምታዩ፣ ከበሩ ጀምሪ፣