የማን ልጅ ናት?

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ብርዱ እንዳያገኛችሁ በሩን ገፋ አድርጉት። የፊርደውስን ነገር ላውጋችሁ።

ፊርደውስ ከመካነ ሰላም ወዲህ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ካለች ጎጆ ነው የተወለደችው። እናቷ ሺፋ ከእሷ በፊት የወለደቻቸውን ሁሉ ቀብራለች። ፊርደውስ ስትመጣ ጊዜ አሮጊቶቹ፣ «ሽጫት! ያ ልጆችሽን እየተከተለ የሚወስድብሽ ያንቺ መሆኗን አይወቅ» አሏት። ሺፋም በተወለደችበት ዕለት ለጎረቤቷ ለየሻለም ሸጠቻት። ዋጋዋ አንድ እፍኝ ገብስ። የሻለም ክርስቲያን፣ ሺፋ እስላም፤ እንዲህ ባለው ነገር ወሎ መች ሃይማኖት ይጠያየቃል!

ልጅቱ የጠባችው የሺፋን ጡት፣ ያደገችው በሺፋ ጎጆ ነው። ግን «እማዬ» የምትለው የሻለምን ነው፤ የወለደቻትን «ሺፋ» ብላ በስሟ ትጠራታለች። «የማን ልጅ ናት?» ላለ ሁሉ የሺፋ መልስ አንድ ነው፤ «የጎረቤት ናት።»

ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ ዓመታት አለፉና ፊርደውስ ስምንተኛ ክፍልን ጨረሰች። ዘጠነኛ ያለው መካነ ሰላም ነው። ለምዝገባ ይከፈላል፤ በሺፋ ቤት ደግሞ ከጭራሮ በቀር የሚሸጥ የለም። ደሃ አይከፍልም፤ ነገር ግን ወላጅ ራሱ ቀርቦ «ልጄ ናት፣ አቅም የለኝም» ብሎ መመስከር አለበት ተባለ።

የሻለም ሁለት ጥማድ በሬ ያላት ናት። «እኔ ደሃ ነኝ ብል በሬዎቼ አይስቁብኝም?» አለች። «ክፈይ ካልሽኝም፣ የገዛሁት ስሟን ነው፤ ማስተማሩን አልተዋዋልንም። ሂጂና ራስሽ ተናገሪ።»

ሲነጋጋ እናትና ልጅ ወጡ። ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ እየዳኸ መንገዱን ውጦታል። የፊርደውስ ነጠላ ርሶ ከገላዋ ተጣብቋል። መታጠፊያው ላይ ቡሉኮ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ አባባ» አለች ፊርደውስ።

ሰላምታዋን አልመለሱም። ሺፋን እያዩ፣ «የማን ልጅ ናት?» አሉ።

«የጎረቤት ናት፣ አባቴ።»

አለፉ። ፊርደውስ የሺፋን ክንድ ጨመቀች። «ሺፋ… ቡሉኳቸው ደረቅ ነው።»

«ዞረሽ አትይ።»

ከትምህርት ቤቱ ደርሰው ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ መምህር ስማቸው የሚባሉት መዝጋቢ በመስኮቱ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «የማን ልጅ ናት?»

ሺፋ «የጎረቤት…» ብላ ጀምራ አቋረጠች።

«እትዬ፣ የሰው ልጅ ሰርቀው ነው እንዴ የመጡት?» አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ። ሰልፈኛው ሳቀ።

ፊርደውስ ወደ ግቢው በር አየች። ጉሙ ተከትሏቸው ገብቷል። ከጉሙ መሃል ያ ደረቅ ቡሉኮ ቆሟል፤ ጆሮውን እንደሚያቀና ሰው ዘመም ብሎ።

«ይቅርብኝ፣ ሺፋ። በአላህ እንመለስ።»

ሺፋ ልጅቱን አየቻት። የረሰረሰ ነጠላዋን፣ በመርፌ የተጣጣፈ ቀሚሷን አየች።

«የኔ ናት!» አለች ጮክ ብላ። «ከዚህ ከሆዴ የወጣች! የምከፍለው የለኝም፤ እሷ ግን የኔ ናት።»

ሳቁ ቀጥ አለ። መምህሩ ጻፉ። ሺፋ ግን ከመስኮቱ አልተነቃነቀችም።

«ጋሼ፣ አሁን ይግዙኝ።»

«ምኑን?»

«ልጄን። የትምህርት ቤቱ ትሁን። ብቻ አንዳች ነገር ይስጡኝ፤ ሽያጭ ያለ ዋጋ አይጸናም።»

መምህር ስማቸው ሊስቁ ቃጥቷቸው ፊቷን ሲያዩ ተዉት። እሳቸውም የዚያው አገር ልጅ ናቸው። ከጠረጴዛው ስባሪ ጠመኔ አንስተው መዳፏ ላይ አኖሩላት። «ገዝቻታለሁ» አሉ።

ሲመለሱ ሽማግሌው መታጠፊያው ላይ አልነበሩም፤ የመንገዱ መሃል ላይ ነበሩ።

«የማን ልጅ ናት?»

ሺፋ መዳፏን ዘረጋች። «የኔ ነበረች። ሸጥኳት። ይኸው ዋጋዋ። ገዢዋ ባንዲራ የተሰቀለበት ደጅ አለ፤ ሄደው እሱን ይጠይቁ።»

ሽማግሌው ጠመኔውን አዩት፣ አዩት። ከዚያ መንገዱን ትተው በገደሉ በኩል ቁልቁል ወረዱ። አንዲት ጠጠር እንኳ አልተንኮሻኮሸችም።

ፊርደውስ ተማረች፣ ለወግ ለማዕረግ በቃች። እናቷን ግን እስከ ዕለተ ሞቷ «ሺፋ» ነው ያለቻት። «እማዬ» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ይደርስና፣ በተለይ ጉም ባለበት ቀን፣ መልሳ ትውጠዋለች።

እናንተም ልጆቼ፣ ጠመኔ በያዛችሁ ቁጥር ያቺን ሺፋን አስታውሱልኝ፤ አደራ።